ሰሌዳዋን እስክታነሳ ያቆየሁት መርዶ

ለባሌ አልነገርኩም። ለልጄ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም፣ ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ከአፌ ደርሶ መልሼ ውጬዋለሁ። በጾም የበላሁትን፣ በሰው የተቆጣሁትን፣ በሐሜት ያሳለፍኩትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን ዘለልኩት። ዘልዬውም ቆርቤያለሁ። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ ከእናንተ የጀመርኩት ለዚያ ይመስለኛል። ፈሪ ሰው በማያውቁት ፊት ይደፍራል።

የወዳጄ እናት ሞታ፣ መሞቷን አውቄ፣ ደበቅኩባት። የደበቅኩባት በሣር ላይ በተተከለች አንዲት መፈክር ምክንያት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከምስጋና ነው። ይህን ስል ራሴን ለማዳን አይደለም፤ ከመልካም ነገር ክፉ ያወጣሁት እኔ መሆኔን እንድታውቁ ነው። ወደ አሜሪካ ስመጣ እርጉዝ ነበርኩ። ልጄ ሩት የተወለደችው ልቧ ላይ ቀዳዳ ይዛ ነው። ወረቀቴ ገና አልተስተካከለም ነበር። ሐኪሞቹ ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ አላሉኝም። ያቺን የምታክል ደረት ከፍተው፣ ሰፍተው፣ ልጄን መለሱልኝ። ያን ቀን በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆሜ ለእግዚአብሔር ቃል ገባሁ። ይህን አገር በክፉ አላነሳም አልኩ። ሲነሳም ዝም ብዬ አልሰማም አልኩ። የመጀመሪያው የኔ ነው፤ ምስጋና ነው። ሁለተኛውን ማን ጠየቀኝ? እግዚአብሔር ጠየቀኝ? ሐኪሞቹ ጠየቁኝ?

ትርንጎን ያወቅኳት በዚያ ሰሞን ነው። ላንግሊ ፓርክ በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖር ነበር፤ እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ። አርሊንግተን ያሉ ቢሮዎችን በፈረቃ እናጸዳለን። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ ሩትን ከእጄ ተቀብላ ትይዛለች። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቷ፣ እማማ የሺ፣ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ያቺ ልቧ የተሰፋ ልጅ ደህና ናት?» አይተውን አያውቁም። ስማችንን ግን በየጸሎታቸው ይጠሩ ነበር። ኋላ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዛን፣ እሷ አሌክሳንድሪያ ገባች። የወንዝ ማዶና ማዶ ሆንን እንጂ አልተለያየንም። በወር በወር የኪዳነ ምሕረት ማኅበር እንጠጣለን፣ ክርስትና ቢሆን ሐዘን አብረን እንቆማለን።

ከዚያ አሜሪካ ጦር ያዘመተችበት ያ ዓመት መጣ። ቀደም ብሎ ሁለቱ ረጃጅም ሕንፃዎች በአውሮፕላን የተመቱ ጊዜ አገሩ ሁሉ ባንዲራ ለብሶ ነበር። ባሌ ታክሲ ይነዳል፤ ባንዲራውን አንቴናው ላይ ያሰረው እንዳይደበድቡት ፈርቶ ነው። እኔ በረንዳችን ላይ የሰቀልኩት ከልቤ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ከመኪናዬ ኋላ ጽሑፍ ለጠፍኩ። በእንግሊዝኛ ነው፤ «አገርህን ውደድ፣ ካልሆነ ልቀቅ» ይላል። ሩት ስትማር ያየሁት ፊደል እንጂ ብዙ አላነብም፣ ይህችን ግን አሳምሬ አነባት ነበር።

ትርንጎ ቤቷ ፊት፣ ሣሩ ላይ፣ ሌላ ሰሌዳ ተከለች። «መቃወምም አገር መውደድ ነው» ይላል።

ምክንያት ነበራት። ታናሽ ወንድሟን በደርግ ጊዜ ከገበያ አፍሰው ወስደውታል። በየግድግዳው «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተጽፎ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ሄዶ ቀረ። ስለዚህ የጦርነት መፈክር ስትሰማ ዝም ማለት አይሆንላትም። ይህን አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ስታለቅስ ያባበልኳት። አውቄም አልራራሁላትም። ለእኔ የታየኝ የሩት ደረት ላይ ያለው ስፌት ብቻ ነው። ትርንጎ የተቃወመችው ጦርነቱን ነው፤ እኔ የሰማሁት ልጄን ያዳኑትን ሰዎች ስትሰድብ ነው።

የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበርና ሴቶቹ ቤቴ ተሰበሰቡ። ጸሎቱ አልቆ ምግብ ሲቀርብ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ አዛለች ጨዋታ ጀመሩ።

«ትርንጎ፣ ደጅሽ ላይ ምን ተከልሽ አሉ? ጎመን ነው ወይስ ነገር?»

«ነገር ነው እትዬ። ጎመኑ አልበቅል ቢለኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«የበሉበትን ወጪት መስበር ነው» አልኩ።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። «የሰበርኩት የለም። የምበላበት ስለሆነ ነው ቆሽሿል የምለው።»

«ካልተስማማሽ መንገዱ ክፍት ነው።»

«ወዴት ልሂድ? ዝም ለማለት ከሆነ እዚያም ዝም ማለት ይቻል ነበር።»

እትዬ አዛለች ነገሩ መክረሩን አይተው ወደ ቀልድ ሊመልሱት ፈለጉ። «እኔስ ያንን ነገር ተራምጄ ቤትሽ አልገባም፤ እግሬን ቢጠልፈኝ ማን ያነሳኛል?» አሉ። እንደገና ተሳቀ። ይህችን ቀልድ ያዙልኝ አልላችሁም፤ እኔ ግን ያዝኳት። ቀልድ መሆኗን እያወቅሁ እንደ ቁም ነገር አስቀመጥኳት።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሩት ዕቃ እያነሳች፣ «ማሚ፣ ሺ'ስ አላውድ» አለችኝ። ተፈቅዶላታል ማለቷ ነው። ትምህርት ቤት ሁለት ወገን ሆነው እንደሚከራከሩ፣ ሲያበቁም አብረው ምሳ እንደሚበሉ ነገረችኝ። «አንቺ ዝም በይ» አልኳት። ከቤታችን ፊት ለፊትም ሁለት ሽማግሌ ጎረቤታሞች ነበሩ። የአንዱ ሰሌዳ እንደ እኔ፣ የሌላው እንደ ትርንጎ ነው። በረዶ ሲጥል የቀደመው የሌላውንም ደጅ ይጠርጋል። በመስኮት እያየኋቸው «እነዚህ ሰዎች እምነት ስለሌላቸው ነው ሁሉ የሚቀላቸው» እል ነበር። አዎ፣ እንዲህ እል ነበር።

ከማኅበሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ጠዋት ለሩት ቁርስ ሳቀርብ ስልክ ጮኸ። ደምሴ ነው፣ የትርንጎ ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ማርቆስ።

«የሩት እናት፣ እናታችን አርፋለች። ቀብረናታል» አለኝ። «ትርንጎ ብቻዋን እንዳትሰማ። ሰው ሰብስበሽ አርጂልኝ። ለሌላ ለማንም አልደወልኩም። አደራ።»

«እሺ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩ።

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ ለእማማ የሺ አለቀስኩ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ በማለዳ ተሰብስቦ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ከብቦ ነው የሚነግረው። ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር፤ ለእትዬ አዛለች መደወል ብቻ። የቀረውን እሳቸው ይጨርሱት ነበር። ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሄጄ ሁኔታዋን ልይ አልኩ። ለምን አልኩ? ያኔ ብትጠይቁኝ ለእሷ አዝኜ ነው እላችሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ትርንጎ ደጇ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ትልቅ ካርቶን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በወፍራም ቀለም ትጽፋለች። ቅዳሜ ከተማ መሀል ሰልፍ ነበር። ስታየኝ ሳቀች።

«ነይ ግቢ፣ የመንግሥት ተወካይ» አለችኝ።

ያ ሰሌዳ መካከላችን ቆሟል። የእናቷ ሞት አፌ ውስጥ ነው። ምን አልኩ?

«ይህን ነገር ንቀይው» አልኩ።

«ደግሞ ጀመረሽ?»

«ሰው ደጅሽ እንዲመጣ ንቀይው። እትዬ አዛለች አልራመድም ሲሉ ሰምተሻል።»

«እትዬ ቀለዱ እንጂ። እሳቸው ራሳቸው ይንገሩኝ፣ አንቺን ማን ላከሽ?»

«አንድ ቀን ሰው ያስፈልግሻል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እናቷ አፈር እንደለበሰች እያወቅሁ፣ ፊቷ ቆሜ፣ አንድ ቀን ሰው ያስፈልግሻል አልኳት።

ካርቶኑን አስቀምጣ ተነሳች፤ ፊቴን አየችው። «ምን ሆነሻል? ገርጥተሻል። ሩት ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ውሃ ልስጥሽ?»

«አልፈልግም። ሰሌዳውን ታነሺዋለሽ ወይስ አታነሺውም?»

«አላነሳውም» አለች፤ ቁጣ አልነበራትም። «አንቺም ያንቺን ከመኪናሽ አትላጪ፤ መቼ አስገደድኩሽ? ቅዳሜ ከሰልፉ ስመለስ ለእናቴ እደውላለሁ። እሷ ታስታርቀን።»

አሁን ንገሪያት፣ አሁን፣ የሚል ነገር ውስጤ ጮኸ። ዞሬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

በድልድዩ ላይ ስነዳ ያሰብኩትን ልናዘዝ። ሰሌዳዋን ካነሳች ነገ ሰው እሰበስባለሁ ብዬ አሰብኩ። ካላነሳች ትቆይ ብዬ አሰብኩ። የማታውቀውን ዋጋ ቆረጥኩባት፤ እናትሽን ልታለቅሺ ብትፈልጊ ቃልሽን ተዪ ማለቴ ነበር። ልጅ ሳለሁ በቀበሌ ስብሰባ መፈክር ሲባል ግራ እጁን ያላነሳ ጎረቤት ነበረን። በማግስቱ እናቴ ከሴት ልጁ ጋር እንዳልነጋገር ከለከለችኝ። ልጅቷን መንገድ ላይ አልፌያት ሄድኩ፤ ስታየኝ አየኋት። እናቴ ፈርታ ነው፤ ልጆች ነበሯት፣ ጠመንጃ ነበረባት። እኔን ማን አስፈራራኝ፣ ማንን ፈራሁ? ጠመንጃ በሌለበት አገር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የቀበሌውን ሥራ ሠራሁ። ያን አገር ሸሽቼ መጥቼ ይህን አገር በዚያኛው ሕግ ወደድኩት።

ደምሴ እንደገና ደወለ። «አረዳችኋት?»

«ሰው እየሰበሰብኩ ነው» አልኩት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

«ተባረኪ። ሳትዘጋጅ እንዳትሰማብኝ።»

በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ባሌ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ራሴን አሞኛል» እለዋለሁ። እጸልይ ነበር። ምን ብዬ እንደምጸልይ ታውቃላችሁ? «ልቧን መልስላት» ብዬ። የእሷን ልብ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ትርንጎ ናት። ቃል የለውም፤ ጩኸት ብቻ። ከኋላዋ የሰው ሆታ ይሰማል። በሰልፉ መሀል፣ ከአገር ቤት የሰማ አንድ የአገሯ ልጅ አግኝቷት፣ እሷም ሰምታለች ብሎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናት ሞት ክፉ ነው» ብሏታል። ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር። እንደ ሰዉ መፈክር እየጮኸች ነበር። እዚያው አስፋልቱ ላይ ወደቀች። አንዲት የማታውቃት አሜሪካዊት አሮጊት የራሷን ካርቶን አንጥፋ አስቀመጠቻት፤ ሰልፉ ሲያልፍ አሮጊቷ አላለፈችም። እኔና የማኅበሩ ሴቶች ደርሰን እስክናነሳት ድረስ ጭንቅላቷን ይዛ፣ ቋንቋውን የማታውቀውን ለቅሶ ትሰማ ነበር።

ትርንጎ ቤቷ ገብታ ለደምሴ ደወለች። ደምሴ «ለሩት እናት ነግሬያት የለም ወይ?» አላት። ስልኩን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ያበጠ ዓይኗ እኔን ብቻ ነው ያየው።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እትዬ አዛለች ከጎኔ ቆመዋል።

«ለነገ፣ ለሰንበት ቀን ቆርጠን ነበር» አልኩ። «ብቻሽን እንዳትሰሚ ብዬ፣ ሰው እስክሰበስብ ብዬ ነው።»

ወግ ያለው ውሸት ነው። ማንም አይጠረጥረውም። መርዶ ማቆየት እኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ ኃጢአቴን የደግነት ነጠላ አለበስኩት። ትርንጎ አንገቴ ላይ ወደቀች። «አስበሽልኝ ነበር» አለች። «አስበሽልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የቀደምኩሽ። ቀይ ለብሼ...» መጨረስ አቃታት። እኔ ደረቷን ደግፌ አለቀስኩ። ሰዎች «እህት ማለት እንዲህ ነው» አሉ።

እትዬ አዛለች ብቻ ወጥ ቤት ገብተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእኔ ግን አልነገርሽኝም» አሉኝ።

«ልደውልልዎ ስል ነው» አልኳቸው።

አዩኝ። ድስቱን አንስተው ወጡ። ካረፉ ቆይተዋል። ያን አስተያየት ይዘው የሄዱ ይመስለኛል።

ሐዘኑ እስኪያልቅ ሰሌዳው አልተነሳም። ሴቶቹ ሁሉ፣ እትዬ አዛለችም ጭምር፣ ድስትና ሞሰብ ይዘው በአጠገቡ አልፈው ገቡ። ማንም አልተጠለፈም። ማንም ቀና ብሎ አላነበበውም። ያን ያየሁ ቀን ማመካኛዬ ሁሉ አለቀ። ሴቶቹ አይመጡም ብዬ ነው እንዳልል፣ መጥተዋል። ከእኔ በቀር ማንም ዋጋ አልጠየቃትም።

ዓመታት አልፈዋል። ሩት አድጋ ሮክቪል ትሠራለች፤ ልቧ ደህና ነው፣ ተመስገን። ከመኪናዬ ጀርባ ያንን ጽሑፍ በቢላ ፍቄ አንስቼዋለሁ፤ ይህን ግን እንደ ንስሐ አትቁጠሩልኝ፤ ወረቀት መፋቅ ቀላል ነው። ከትርንጎ ጋር ዛሬም በብዙ ነገር አንስማማም። በየምርጫው እኔ አንዱን እመርጣለሁ፣ እሷ ሌላውን። ትቀልድብኛለች፣ አኮርፋለሁ፣ ትደውልልኛለች። ይህን አገር ከመጣሁ ቀን ጀምሬ እያመሰገንኩት ኖሬያለሁ። ካደረገልኝ ነገር አንዱ ያኔ ያልገባኝ ይህ ነው፤ ሰው የማልወደውን ተናግሮ ወዳጄ ሆኖ መቆየት መቻሉ። እሷ ቀድሞ ገብቷት ነበር።

ባለፈው ሰሞን ደምሴ ታመመ። ጉበቱ ነው፣ ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡም። ትርንጎ ቤቴ መጥታ ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። «ክፉ ነገር ከመጣ ለአንቺ እንዲደውሉ ነግሬያቸዋለሁ። ያኔ ያሰብሽልኝ አንቺ ነሽ። አሁንም አንቺ አርጂኝ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ሻይ ቀዳሁላት። ከሲኒው ውጪ አፈሰስኩት። «አርጅተናል እኮ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ጊዜ አደራ የበላሁ ሴት ያንኑ አደራ፣ ያውም በምስጋና፣ ከዚያው እጅ እንደገና ተቀበልኩ። ስለዚህ ጻፍኩት። ነገ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። በመጪው ሰንበት ከቅዳሴ ስወጣ አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ። ባሌም ከዚያ በኋላ ይሰማል፤ የቀደመ መብት የትርንጎ ነው።

ስፈራ እንደኖርኩ፣ ለሩት ስል እንደሆነ፣ ዘመኑ ክፉ እንደነበር አልነግራትም። ለእናቷ ለቅሶ ዋጋ ጠይቄባት እንደነበር እነግራታለሁ። ቀይ ሹራቧን የለበሰችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ እነግራታለሁ። ይቅር ብትለኝ የእሷ ጸጋ ነው። ይቅር አልልሽም ብትለኝ ደግሞ፣ ቆሜ እስከ መጨረሻው እሰማታለሁ፤ አልከራከራትም፣ ሽማግሌም አልልክባት። መርዶዋን የሚያረዳት ሌላ ሰው ትምረጥ። የደምሴ ነገር የደረሰ ቀን ግን፣ ብትጠላኝም፣ ዞር ብላ ባታየኝም፣ በማለዳ ደጇ ላይ ከሚቆሙት ሰዎች ሁሉ ኋላ እኔ እቆማለሁ።